ጎሬን ከባሮ በኩል ማየት

ጥቅምት 25 ቀን 2017፣ ጎሬ

ዛሬ ለ11ኛ ክፍል የድርሰት ሥራ ሰጠኋቸው። ሰሌዳው ላይ ግሦቹን በአንድ ረድፍ ጻፍኩ፦ ማጤን፣ መከለስ፣ መመርመር፣ ማውጠንጠን፣ ማሰላሰል፣ በአዲስ ዓይን ማየት። ትእዛዙ አጭር ነው። «ድሮ አንድ ዓይነት ታስቡት የነበረና በኋላ ሐሳባችሁን የቀየራችሁበትን ነገር ጻፉ። ከእነዚህ ግሦች ቢያንስ ሦስቱን ተጠቀሙ።»

«ሰው ይሁን ቦታ፣ ቲቸር?» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

የፈለግኸው ይሁን፣ ብቻ ሐሳብህን ያስቀየረህ ምን እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። ይህንን ለሁሉም ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሰው «እንደገና አሰብኩበት» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ስሜቱ መለወጡን ነው። ስሜት ደግሞ ነገ ይመለሳል። ሐሳብን ከሥሩ የሚያነቃንቀው ቀድሞ ያላወቅነው፣ ካወቅነው በኋላ ግን አልለቀን ያለ አንድ እውነት ነው። ያ እውነት የሌለበት ድርሰት ውስጥ «ከለስኩ» የሚለው ቃል ባዶ ይቀራል።

ጥቅምት 29

ደብተሮቹን ቤት ይዤ መጣሁ። ከግማሽ የሚበልጡት ስለ ጎሬ ነው የጻፉት። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጀምሩት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ጎሬ ድሮ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ቀጥሎ በደርግ ዘመን ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ መሄዱ ይመጣል። ከዚያ ቁጭት። ከዚያ «ስለዚህ ከተማችንን እንደገና ልናስባት ይገባል»።

ምን ብለን? በየኅዳጉ የጻፍኩት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። የሰሙትን ነው የጻፉት። በየስብሰባው፣ በየበዓሉ፣ በየለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስለዚህች ከተማ የሚወራው ይኸው ነው፤ ምን ነበራት፣ ማን ወሰደባት። እኔ ግን ይህ አነጋገር ውሎ አድሮ ሰውን ሽባ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ። ከተማዋን ያቆማት ማዕረጉ ብቻ እንደነበረ አድርጎ ስለሚያስቆጥር ነው። ማዕረጉስ ለምን እዚህ መጣ? ይህንን የጠየቀ ደብተር አላገኘሁም።

አንዲት ልጅ ብቻ ለየት ያለ ነገር ጽፋለች። አያቷ ቡና የሚለቅሙበትን ጫካ ልጅ ሆና «ማንም ያልነካው ዱር» ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ግን አያቷ ከሰሳው ዛፍ ሥር ቆመው የትኛው ቁጥቋጦ እንደሚመነጠር፣ የትኛው የቡና ችግኝ ባለበት እንደሚተው ሲያሳዩዋት ዱሩ የሰው እጅ ያለበት መሆኑን አስተዋለች። አሥር መስመር ብትሆን ነው። «ይህ ነው» ብዬ ጻፍኩባት።

ኅዳር 2

የኢትዮጵያንና የጎረቤቶቿን ካርታ ክፍል ወስጄ ሰቀልኩት። «ጎሬ የት ናት?» ስላቸው አንዱ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ጣቱን ወደ ምዕራብ ጎተተ። በደሌ፣ መቱ፣ ከዚያ ጎሬ። «እዚህ ጫፍ ላይ» አለ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናያት፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አልፋ ተራራ ላይ የተቀመጠች፣ የመንገድ መጨረሻ የሆነች ከተማ።

ጣቱን ከካርታው ሌላ ጫፍ እንዲጀምር አደረግኩት፤ ከካርቱም። በነጭ ዓባይ ወደ ደቡብ፣ በሶባት ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ባሮ፣ ጋምቤላ። ከጋምቤላ ቆላውን ለቆ ሽቅብ ሲወጣ ቡሬ፤ ከቡሬ በኋላ ጎሬ። «አሁንስ የት ናት?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «መግቢያ ላይ» አለ።

የቀረውን ክፍለ ጊዜ በዚያው ጨረስነው። በግንቦት 1894 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ የሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። የቦታው ልክ ሳይቀር ተጽፏል፤ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ የቆዳ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም። ጋምቤላ የሱዳን መርከቦች ወደብ የሆነችው በዚህ ውል ነው። ከወንዞቻችን መርከብ የሚያስኬደው ባሮ ነው፤ እሱም በክረምት ሲሞላ ብቻ። የኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና ቆዳ በዚያ ወረደ፤ ጨውና አቡጀዲ በዚያ ወጣ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ጎሬ ድረስ መጥተው ሱቅ ከፈቱ። እንግሊዝ ቆንስል አስቀመጠች። ቆንስል ደግሞ የመንገድ መጨረሻ ላይ አይቀመጥም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ይህች ከተማ ወደ ምዕራብ ነበር የምትመለከተው። ጎሬን መቀመጫቸው ያደረጉት ተሰማ ናደው፣ በኋላ ራስ የተባሉትና የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት፣ በ1890 የመሩት ዘመቻ ነጭ ዓባይ ድረስ ዘልቋል።

ልጆቹ ዝም ብለው ሰሙኝ። ደወሉ ሲደወል ያ ልጅ ካርታው ሥር ቆሞ ጣቱን ከጋምቤላ ወደ ላይ ሲያመላልስ አየሁት።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

የቤት አከራዬ እማማ እሸት ቡናቸውን ጓሮ በሠሩት የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተዋል። ከሽቦ ወንፊት የተሠራ፣ በእንጨት እግር ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ከፍ ያለ አልጋ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስለነበር ሲያገላብጡ አብሬያቸው ዋልኩ። እጃቸው አያርፍም። ቀዩን ይተዉታል፤ አረንጓዴውን፣ ተባይ የበሳውን፣ ከዛፉ ላይ ሳለ የጠቆረውን ይለቅማሉ። እኔ አንድ ስለቅም እሳቸው አንድ እፍኝ ያወጣሉ። ትናንት የተሰጣው ገና ቀይና ለስላሳ ነው፤ የሳምንቱ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ጀንፈል ሆኖ ሊገባ ምን ያህል እንደቀረው የሚያውቁት ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሲነቀንቁት ነው፤ ውስጡ ፍሬው ከተንኳኳ ደርሷል።

ስምንት ሰዓት ላይ ደመናው ከባሮ በኩል መጣ። «ሸፍን፣ ልጄ!» አሉኝ፤ ላስቲኩን ይዘን ሮጥን። የጎሬ ዝናብ አያስጠነቅቅም። እዚህ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ደረቁን ወቅት እንኳ አምኖ ቡና ማስጣት አይቻልም።

ላስቲኩ ሥር ቆመን ስለ ጫካው አወራን። የዚያች ተማሪዬን ድርሰት ነገርኳቸው። ገረማቸው፤ ያልገባቸው ጫካው ሌላ ምን ሊመስል እንደሚችል ነው። «ካልመነጠርነው መቼ ይፈራል? ከመነጠርነው ሁሉን ደግሞ መቼ ቡና ይሆናል?» አሉ። ጥላው ከበዛ ቡናው አያፈራም፣ ጥላው ከጠፋ ይደርቃል፤ ቀረሮውና ዋንዛው ቀፎ የሚሰቀልበትም ነው። በየዓመቱ ምን እንደሚቆረጥ፣ ምን እንደሚተው በየማሳው እየቆሙ ያውጠነጥናሉ።

ከመቱ በስተምሥራቅ ያለው የያዩ ደን በ2002 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ፣ 167,021 ሄክታር ነው የተከለለው። መሃሉ አይነካም፤ ዙሪያውን ሰው ቡና እየለቀመ፣ ማር እየቆረጠ ይኖርበታል። ብዙ አገር ደንን ለመጠበቅ መጀመሪያ ያደረገው ሰውን ማስወጣት ነበር። እዚህ ግን ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላለበት ነው። ይህን ሐሳብ ዓለም የደረሰበት ተከራክሮ፣ ደጋግሞ መርምሮ ነው። የእማማ አያቶች ግን ከመጀመሪያውም በሌላ መንገድ አስበውት አያውቁም።

አባቴ ግን በሌላ መንገድ አስቦት ነበር። በ1977 ከወሎ በሠፈራ ነው የመጣው። ሰማይ ከዳር እስከ ዳር የሚታይበት አገር ያደገ ሰው ስለሆነ ጫካው አስፈራው። ማረሻ የለመደ እጅ ዛፍን እንደ ጠላት ነው የሚያየው፤ ለበቆሎ ቦታ ለማግኘት ቆረጡ፣ አቃጠሉ። ሐሳቡን ያስቀየረው ጎረቤቱ የነበረ አንድ የዚህ አገር ሰው ነው። አባቴ በክረምቱ ማብቂያ በቆሎው በዝንጀሮና በዝናብ ሲጠፋበት ያ ሰው ከጫካው ጥላ ሥር ሁለት ኩንታል ቡና ሲያወጣ አየ። በሚቀጥለው ዓመት ችግኝ ለመነው። አባቴ እስከ ዛሬ ይህንን ሲያወራ «አገሩን የመሰለኝን ትቼ አገሩን አየሁት» ይላል። የእኔ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት እሱ ነው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በልቤ ሲመላለስ የነበረው አቡነ ሚካኤል ነው። የጎሬው ጳጳስ በ1929 በጣሊያኖች እጅ እዚሁ ተገደሉ። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ከተገደሉ ወራት አልፈው ነው። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ልጅ አዋቂው ያውቃል። አቡነ ሚካኤልን የማያውቅ ግን እዚህ ጎሬም አለ፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወጡ፤ ጣሊያን በሦስተኛው ቀን ገባ። የመንግሥቱ ቀሪ ወደ ጎሬ መጣ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ አስተዳደሩን ያዙ፤ ራስ እምሩ ከጎጃም በኩል ሠራዊታቸውን ይዘው ደረሱ። ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህች ተራራ ላይ ነበር። በመስከረም ጄኔቫ ላይ የኢትዮጵያ ልዑካን በመንግሥታቱ ማኅበር ወንበራቸውን ለማስጠበቅ ሲከራከሩ፣ በምዕራብ ያልተያዘ ምድርና የሚሠራ መንግሥት አለ የሚለው አንዱ መከራከሪያቸው ነበር። ኅዳር 1929 ጣሊያን ጎሬን ያዘ። ታኅሣሥ ላይ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ።

ይህን ታሪክ ለልጆቹ ስነግር ለምን ጎሬ ተመረጠች ብለው እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። መልሱ ኅዳር 2 ቀን ካርታው ላይ ያየነው ነው። ጥይት ሊገባበት፣ መልእክት ሊወጣበት የሚችል በር በቀረችው ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው በዚህ በኩል ነው፤ ባሮና ጋምቤላ፣ ከዚያም ሱዳን።

ሌላም የሚነገር አለ፤ እሱን ትቶ የጎሬን ክብር ብቻ ማውራት እውነቱን መክፈል ነው። በዚያው ጊዜ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኮንፌዴሬሽን መሥርተው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመተዳደር ለመንግሥታቱ ማኅበር ማመልከቻ ልከዋል። እንግሊዝ አልተቀበለችም። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሰው ዝም ብሎ አይጽፍም። ከጀርባው ለዓመታት የተከማቸ የገባርነት ምሬት አለ። የዚህች ከተማ ልጆች አንዱ አያት ከእምሩ ሠራዊት ጋር፣ ሌላው አያት ከነዚያ ባላባቶች ጋር ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። አስቸጋሪ ነው፤ ግን ታሪክን መከለስ የሚባለው እሱ ነው።

ኅዳር 21

ለጉዳይ መቱ ዋልኩ። ከጎሬ ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። የመቱ ካርል ሆስፒታል በር ላይ ከየወረዳው የመጣ ሰው ተሰልፏል፤ ዩኒቨርሲቲው ሰፈር ተማሪዎች እንደ ልባቸው ይሄዳሉ። መቱ ምን ወሰደች እያልኩ ላስብ አልፈለግኩም። እዚያ የሚታከመው፣ እዚያ የሚማረው የጎሬ ልጅ ነው። ማታ መኪና ጠፍቶ በጭነት መኪና ጋቢና ተመለስኩ።

ኅዳር 29

በቡሬ መንገድ ዳር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ቤት ሄድኩ። አባታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። አባባ ቁጭ በሉና ስለ መንገዱ ይንገሩኝ አልኳቸው፤ ሳቁ። «ማን ይጠይቀኝ ነበር?»

የነገሩኝ ሥራው እንዴት እንደነበር ነው። ቡናው የሚደርሰው በበጋ ነው። መርከቡ የሚመጣው በክረምት ነው። ስለዚህ በበጋ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ቡናውን አወረዱት፤ ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ወንዙ እስኪሞላ ይጠብቃል። ቡናው የሚለካው በፈረሱላ ነው፤ 17 ኪሎ። በቅሎዋ እስከ ቡሬ ችግር የለባትም። ከዚያ በታች ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አለ። «የአባቴ በቅሎ ሁለቴ ሞታለች፤ ሁለቴም ገዝቷል» አሉኝ። ስለዚህ ብዙ ነጋዴ ለቁልቁለቱ ሰው ይቀጥር ነበር። ሲመለሱ ጨው ይጭናሉ። ጨው እዚህ ብርቅ ስለነበር የጋምቤላ ጨው የሚመጣበት ቀን ገበያው ይደምቃል ይላሉ።

ሱዳን በ1948 ነጻ ወጣች፤ ጋምቤላም ለኢትዮጵያ ተመለሰች፤ መርከቡ ግን እንደ ድሮው አልመጣም። ቡናውም ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። አባባ ይህን ሲናገሩ በሐዘን አይደለም፤ የነጋዴ ልጅ ናቸውና ዕቃ በርካሽ መንገድ ይሄዳል ብለው ያምናሉ። ይህ አነጋገራቸው ከልጆቹ ድርሰት ሁሉ በልጦ ረዳኝ። ጎሬን ያሳነሳት አንድ የመቱ ሰው አይደለም፣ አንድ የደርግ ደብዳቤም አይደለም። ደብዳቤው ሳይጻፍ ከሃያ ዓመት በፊት መንገዱ ዞሮ ነበር። እንዲህ ከተረዳነው ጥያቄያችን ይለወጣል፤ ዛሬስ በዚህ በኩል ምን ያልፋል፣ ምንስ ሊያልፍ ይችላል? ጋምቤላ ዛሬም ከእግራችን ሥር ናት። የጎሬና የጋምቤላ ሰው ገበያ አለው፣ ዘመድ አለው። ዛሬም ከጋምቤላ ወደ መሃል አገር የሚጓዝ አውቶቡስ በጎሬ ያልፋል።

ታኅሣሥ 4

ድርሰቱን ዳግም እንዲጽፉት ጠይቄያቸው ነበር፤ ዛሬ አስረከቡ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ይሻላሉ። ካርታው ላይ ጣቱን ሲያመላልስ የነበረው ልጅ ስለ ጎሬ አውሮፕላን ማረፊያ ጻፈ፤ ድሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት ሜዳ ምን እንደሆነ ሄዶ አይቶ፣ ዙሪያውን ጠይቆ ነው የጻፈው። «ነበረ» የሚለውን ግሥ አንዴ ብቻ ተጠቅሟል።

ያቺ የጫካው ድርሰት ባለቤት ግን ይበልጥ ገረመችኝ። እኔ ካርታው ላይ «መግቢያ» ያልኩትን ይዛ አያቷ ዘንድ ሄደች። አያቷ የነገሯት ስለ ነጋዴ ወይም ስለ ቆንስል አይደለም። ቅድመ አያቷ ሸክም ይዘው ወደ ጋምቤላ ከሚወርዱት አንዱ ነበር። ባላባቱ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው የሚሄደው፤ ከሄደ በኋላ ማሳው ሳይታረም ይቆየዋል፤ አንዴ በወባ ታሞ ለወራት ተኝቷል። እንዲህ ብላ ጨርሳለች፦ «ቲቸር፣ እርስዎ በር ያሉት ለቅድመ አያቴ ቁልቁለት ነው። እኔ ጎሬን በሁለቱም በኩል ሆኜ እንደገና ላያት እፈልጋለሁ።»

አንብቤው ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተራመድኩ። እኔ ካርታውን ገልብጬ አሳየኋቸው፤ እሷ ካርታው ላይ ሰው አስቀመጠችበት። አባባ «ለቁልቁለቱ ሰው ይቀጥር ነበር» ሲሉኝ ያለፍኩት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ሰው የእሷ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል።

ሰኞ ጮክ ብላ እንድታነብ ፈቃዷን ጠየቅኳት፤ ተስማማች። ኅዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩላት፦ አንድ ጉዞ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? ምን ያህል ይከፈል ነበር፣ ወይስ አይከፈልም? ሲመለሱስ ምን ይሸከሙ ነበር? አያቷ ገና በሕይወት ናቸው፤ የገና እረፍት ከመድረሱ በፊት ትጠይቃቸው። አባባንም ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ቀን እንዲቀመጡ እለምናቸዋለሁ፤ ከቡሬ መንገድ ለሚያመጣቸው ባጃጅ እኔ እከፍላለሁ።